የወይን ትንፋሽ

መስከረም 20

ለምወድህ ወንድሜ፤

ይህች ደብዳቤ ጤናህ ተሟልቶ፣ እጅህም ሥራ ሳያጣ ታግኝህ። እኛ እንዳለን አለን። አባባ «እኔና ይህ ሳሌ ሰላም ብለንሃል በይው» ብለውኛል። ሳላቸውን አሁን እንደ ቤተሰብ ቆጥረውታል።

የደንብ ልብስ የምንሰፋበት ፋብሪካ ተዘጋ። ባለቤቱ ማሽኖቹን በጭነት መኪና ሲያስጭን ሴቶቹ ሁሉ በር ላይ ቆመን አየን። የእኔዋ ከሁሉም በላይ ነበረች፤ ገመዷ በጎን ተንጠልጥሎ መንገዱን እየጠረገ ሄደ። ከዚያ ወዲህ የሰፈር ሰው ቀሚስ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ። ሥራ ሳይሆን ሥራ መሰል ነገር ነው።

የምጽፍልህ ግን ስለ እሱ አይደለም። ሐኪሙ የአባባን ሳንባ ካዳመጠ በኋላ ብቻዬን ወደ ኮሪደር ጠራኝ። የዘንድሮን ብርድ ሳይታመሙ ካለፉት ገና ብዙ ይቆያሉ፤ አንዴ ከመታቸው ግን ወደ እኔ ማምጣትሽ ለድካም ነው አለኝ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፣ ደክሞት ነው። እኔም ይህን ለአባባ አልነገርኳቸውም። መኝታ ክፍላቸው ፀሐይ አያየውም፤ ግድግዳው ከአሁኑ ማላብ ጀምሯል። ከሰል እንዳላነድ ጭሱ ራሱ ያስላቸዋል። የኤሌክትሪኩ ማሞቂያ ደግሞ ቆጣሪውን እንደ ወፍጮ ያሽከረክረዋል። እና ከምትልከው ላይ እስከ በጋው መውጫ ጥቂት ጨመር ብታደርግ፣ አንድ ክፍል ብቻ እንኳ አሙቄ አሳልፋቸዋለሁ።

በተረፈ አባባ ያው አባባ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ማተሚያ ቤት ፊደል ሲለቅሙ ኖረው አሁንም አላረፉም። ትናንት ከሃያ ዓመት በፊት የታተመ ጋዜጣ ላይ ግድፈት አግኝተው ሲናደዱ ዋሉ። «ማነው ይህን ያሳለፈው?» ይሉኛል፣ እኔ ያሳለፍኩት ይመስል።

ፈጣሪ ከክፉ ዓይንና ከክፉ ቀን ይሰውርህ። አብሮህ ለሚኖረው፣ ጥርሱ ለማይከደነው ልጅም ሰላምታዬን አቅርብልኝ።

እህትህ

ጥቅምት 8

ለውዷ እህቴ፤

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። አባባን ጉልበታቸውን በሁለት እጄ ይዤ ስሜያለሁ በያቸው። አንቺንም አምላክ ክንድሽን ያጽናልሽ።

እታለም፣ ቀጥታ ልንገርሽ፤ ዘንድሮ ጭማሪ መላክ አልችልም። ምርቱ አነስተኛ ነው ብለው የሥራ ሰዓታችንን ቀንሰውብናል። ዓሣ ባልልክልሽም መረብ ልላክልሽ።

እዚህ የወይን ፋብሪካ ውስጥ ቱቦ ይዤ ታንከር ሳጥብ የምውል ሰው ነኝ፤ ዓይንና ጆሮ ግን አለኝ። ወይን መሥራት የሀብታም ሥራ አይደለም። ወደ ማምሻው ገበያ ውረጂና ሻጮቹ ሊጥሉት ያሉትን የበሰለ ፍሬ በርካሽ ውሰጂ። ወይን ከተገኘ ወይን፣ ካልሆነ ፕሪም ወይም ሌላ ጭማቂ ያለው ፍሬ። የላላው አይጎዳም፣ የሻገተውን ግን ጣይ።

መጀመሪያ ዕቃውን ሁሉ በፈላ ውሃ እጠቢ። ፍሬውን በእጅሽ ጭመቂው፤ ስኳር በሞቀ ውሃ አሟምተሽ ጨምሪበት፤ እርሾ ነስንሺበት። ለጊዜው የዳቦ እርሾም ይሆናል። ጥቂት ቀን በጨርቅ ሸፍነሽ ጠዋትና ማታ አማስዪው። ከዚያ በወንፊት አጥልለሽ ወደ ጀሪካን ወይም ወደ በርሜል ገልብጪው። ክዳኑን በስተሽ ቀጭን ቱቦ አስገቢበት፤ የቱቦውን ሌላ ጫፍ ውሃ ባለው ጠርሙስ ውስጥ ንከሪው። ወይኑ ሲተነፍስ ውሃው ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ትንፋሹ ይወጣል፣ አየር ግን አይገባም። አየር የወይን ጠላት ነው፤ ከገባበት ኮምጣጤ ያደርገዋል። ብርድም አይወድም፤ ከበረደው ይተኛል። ቡልቅታው ጨርሶ ሳያቆም ደግሞ ጠርሙስ ውስጥ እንዳታሽጊ፤ ይፈነዳል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የተባለው ለወይን ሠሪ ነው።

ሰላምታሽን ለልጁ አድርሻለሁ። እዚህ ሁሉም ሰው ሳቂታው ነው የሚለው። አለቃችንን ደግሞ ሻማው ይሉታል። ፋብሪካው እንደ ቀን በርቶ ሳለ ሻማ ሳይለኩስ ወደ ታች አይወርድም። ሳቂታው «ሚስቱ ታንከር ውስጥ ጠፍታበት ነው፣ እሷን ነው የሚፈልገው» እያለ ያሾፍበታል፤ ሰው ሁሉ ይስቃል። ሻማው አይቆጣም። «ቆይ፣ አንድ ቀን አንተንም እፈልግህ ይሆናል» ይለዋል።

ሰላም ሁኑልኝ። እኔ በማልደርስበት ፈጣሪ ይድረስላችሁ።

ወንድምሽ

ጥቅምት 29

ለምወድህ ወንድሜ፤

እንደምን ከረምክ? መንገድህ ሁሉ የተጠረገ ይሁን። እኛ ደህና ነን፤ ቤታችን ደግሞ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ነው።

እንዳልከው አደረግሁ። የፍሬ ሻጭዋ የመጀመሪያ ቀን ያለ ዋጋ ሰጠችኝ። በሁለተኛው ቀን «ከብት ገዛሽ እንዴ?» አለች። በሦስተኛው ቀን ነገሩ ገባትና ዋጋ አወጣችበት። ሰው ሌላው የሚፈልገውን ነገር መጣል አይወድም። ዘይት የነበረባቸውን በርሜሎች እጄ እስኪላጥ በፈላ ውሃ አጠብኳቸው። አባባ ወንበር ላይ ሆነው ያዝዙኛል። ለበርሜሎቹም ስም አወጡላቸው፤ ትልቁ ርዕስ፣ ቀጣዩ ሐተታ፣ ትንሿ ጀሪካን ደግሞ ማስታወቂያ። «ማስታወቂያዋ ቶሎ ትደርሳለች፣ ገንዘብ የምታመጣው እሷ ናት» ይላሉ።

ያስቀመጥኳቸው ምድር ቤቱ ውስጥ ነው፤ ታስታውሰዋለህ፣ የተሰበረ ዕቃ የምንከትበት፣ በግቢ በኩል በድንጋይ ደረጃ የሚወረደው። አየር ጠላት ነው ብለሃልና ያቺን አንዲት መስኮት በጣውላ ዘጋሁ፤ ስንጥቁን በጨርቅ ወተፍኩት። ከበሩ ሥር እንኳ የአሮጌ ካፖርት እጅጌ ጠቅልዬ አስገባሁ። እኔ የሰፋሁት መሆኑን ያወቅሁት ከወተፍኩት በኋላ ነው።

አንድ ያልጠበቅሁት ነገር አለ። ወይኑ ሲፈላ ይሞቃል። በርሜሉን በእጄ ስነካው እንደታመመ ልጅ ግንባር ነው። ክፍሉም ሞቀ፤ ከሰል የለ፣ ጭስ የለ። አባባን ደግፌ አወረድኳቸውና ቆመው ትንሽ ተነፈሱ፤ «እዚህማ ሰው ይኖርበታል» አሉ።

ገንዘቡ ካልተመቸህ ይቆይ። በሱ ፋንታ እናንተ የምትጠቀሙበትን እርሾና የስኳሩን መጠን የሚያሳየውን መለኪያ ብትልክልኝ ይበልጥብኛል። አባባ ደግሞ ጥያቄ አላቸው። መብራት ባለበት ቦታ ሻማ መያዝ ግድፈት ነው ወይስ ምክንያት አለው? የታረመ መልስ ይላክልኝ ብለዋል። ሳቂታው ለሻማው መልስ አገኘለት ወይ?

እንዳሰብከን ያስብህ።

እህትህ

ኅዳር 27

ለእህቴ፤

ሰላምሽ ይብዛ። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ሥራ በዝቶ ነው።

እርሾውንና መለኪያውን በዚህ ጥቅል ልኬያለሁ። መለኪያው ከብርጭቆ የተሠራ ነውና ካልሲ ውስጥ ነው ያለው። ወይኑ ውስጥ ስታስገቢው ይንሳፈፋል። ስኳሩ ብዙ ሲሆን ከፍ ይላል፣ እርሾው ስኳሩን ሲበላው ዝቅ ይላል። ለተከታታይ ቀናት አንድ ቦታ ላይ ከቆመ ጨርሷል ማለት ነው። ከታች የተኛውን አተላ ሳትነኪ በቱቦ ወደ ሌላ ዕቃ አዛውሪው።

መስኮቱን መዝጋትሽ ጥሩ ነው፤ ሙቀት ይፈልጋል።

ሳቂታው ክፍሉን ለቋል። ወደ ሌላ ቦታ ሄዷል። አሁን ብቻዬን ነኝ።

የሻማው ነገር ረጅም ታሪክ ነው፤ ሌላ ጊዜ አጫውታችኋለሁ። የእኛ ታንከሮች ቤት ያክላሉ። ለአንቺ ጀሪካኖች ሻማ አያስፈልግም።

አባባን ተንከባከቢልኝ።

ወንድምሽ

ታኅሣሥ 18

ለምወድህ ወንድሜ፤

ጤናህን አብዝቼ እጠይቃለሁ። ጥቅሉ በደህና ደርሷል፤ ካልሲውንም አባባ ወስደውታል፣ ሌላኛውን እግር ላክልን።

ደብዳቤህን አባባ ደጋግመው አነበቡት። «ባለፈው ሥራ ቀነሰ ብሎ ጽፏል፣ አሁን ሥራ በዛ ይላል፤ ከሁለቱ አንዱ ግድፈት ነው» አሉ። ከዚያ ጋዜጣቸውን አነሱ። እኔም አልጠይቅህም። ግን ሳቂታው አድራሻ ትቶልህ ከሆነ ሰላምታዬን ጻፍለት።

አሁን የምሥራቹን ስማ። ማዕዘኑ ላይ ያለው ባለ ምግብ ቤት ማስታወቂያን ቀመሳት። ጉንጩ ውስጥ አንከባለላትና «ቀይ ውሃ ናት፣ ግን ሐቀኛ ውሃ ናት» አለኝ። ሐተታን ሲቀምስ ግን ጠርሙሱን አልመለሰም። የምታደርሽውን ሁሉ አምጪ ብሎኛል። እኔም ያገኘሁትን ሁሉ ስኳር ላይ አዋልኩት፤ ሌሎች በርሜሎች ገዛሁ፣ የምድር ቤቱ ግድግዳ ዙሪያውን ሞልቷል። ሁሉም ባንድ ላይ ሲፈሉ ድምፁ ዝናብ ይመስላል።

አባባንም ወደዚያ አወረድኳቸው። ላይኛው ክፍል ጠዋት ጠዋት ትንፋሽ የሚታይበት ሆነ፤ ታች ግን ሹራብ ያስወልቃል። አልጋቸውን እኔና ጎረቤት ተጋግዘን አወረድነው። አንድ ቀን ሲነሱ ከአልጋው ስለወደቁ አሁን ፍራሹን ወለል ላይ አድርጌላቸዋለሁ። ከራሳቸው አጠገብ ያለውን አዲሱን በርሜል እርማት ብለውታል። ወንድሜ፣ ሳላቸው ቀነሰ። እውነቴን ነው። ሐኪሙ ያለውን አሁን ነገርኳቸው፤ «በይ ብርዱን አሸነፍነው በያ» አሉኝ። ስለዚህ የማሞቂያ ገንዘብ አትላክ፤ ለራስህ ካፖርት ግዛበት።

ታች የሚያስቸግረን መብራቱ ብቻ ነው። መስመር ስላልገባበት አባባ ጋዜጣቸውን የሚያነቡት በፋኖስ ነው። ፋኖሱን ከፍራሹ አጠገብ ወለሉ ላይ ሲያስቀምጡት እሳቱ ያንሳል፣ ሰማያዊ ይሆናል፣ ይጠፋል። ወደ ግቢ ሳወጣው ደህና ይበራል። አባባ ነጭ ጋዝ ሻጩን ጠርጥረዋል። ፋኖሱን በእኔ እጅ መልሰው ላኩበትና «ውሃውን ለብቻ፣ ጋዙን ለብቻ ሽጥልኝ በይው» አሉ። ሰውየው በጣም ተቀየመ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ እዚህ ሰፈር ስሸጥ እንዲህ ያለኝ የለም አለ። ነግሬያቸዋለሁ፣ ይቅርታ ግን አይጠይቁም። ስህተት ያገኘ ፊደል ለቃሚ ይቅርታ አይጠይቅም።

ጠዋት ሲነሱ ራሳቸውን ያማቸዋል፤ ትንሽም ይደናገራሉ። ሳይጠጡ በወይኑ ሽታ ነው የሰከሩት እያልን እንስቃለን። እኔም ጎንበስ ብዬ አተላ ሳዛውር ያዞረኛል። ሲለመድ ይተወናል መሰለኝ።

ስለ ሻማው አሁንም አልነገርከንም። አባባ ማስታወሻ ይዘውበታል።

ቸሩ ፈጣሪ በሰላም ያገናኘን።

እህትህ

ጥር 7
ቴሌግራም

አባባን አሁኑኑ ከምድር ቤት አውጪ። በሩንና መስኮቱን ክፈቺ። ጎንበስ አትበዪ። ፋኖስ ከጠፋ አትግቢ። ደብዳቤ ይከተላል።

ጥር 10

ወንድሜ፤

ቴሌግራምህ ደርሶኛል። ከቀብር ስንመለስ ፖስተኛው በር ላይ ቆሞ ነበር። ሰዉን ሲያይ ቆቡን አወለቀና ወረቀቱን ሳይሰጠኝ ብዙ ቆየ። አባባን አውጥተናቸዋል።

እንዴት እንደሆነ ልጻፍልህ፤ ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከእኔ ስማው።

ጥር 4 ማታ እራታቸውን በልተው ነበር። በርሜሎቹ ሁሉ እየፈሉ ነበር፤ እርማት ከሁሉም ይበረታ ነበር። ስወጣ «በሩን አጥብቀሽ ዝጊው ልጄ፣ ሙቀቱ እንዳይወጣ» አሉኝ። እጅጌውን ከበሩ ሥር በእግሬ ገፋ ገፋ አድርጌ ዘጋሁት።

ጠዋት ጋዝ ሻጩ መጣ። ነገሩ ሲያቃጥለው አድሮ ኖሮ የራሱን ፋኖስ ከራሱ ጀሪካን ሞልቶ ነው የመጣው። «ዛሬ እኔና አባትሽ ዓይን ለዓይን እየተያየን እንነጋገራለን» አለ። ግቢ ውስጥ ለኮሰው፤ ቀጥ ብሎ በራ። «ምስክር ሁኚ» አለኝ። እሺ ብዬ ሳቅሁ። መሳቄን ልደብቅህ አልፈልግም። በሩን ከፈትኩለትና ፋኖሱን አንጠልጥሎ ከፊቴ ወረደ።

ከታች ካሉት ደረጃዎች ላይ ሲደርስ እሳቱ አነሰ። ሰማያዊ ሆነ፣ ጠፋ። ወደ ላይ ተመልሶ ለኮሰው፤ በራ። ደግሞ ወረደ፤ ጠፋ። ዞሮ አየኝና «አየሽ? የእኔ ጋዝ አይደለም» አለ። ደስ ብሎት ነበር። ያ ደስታ ፊቱ ላይ ሲመጣም አይቼዋለሁ፣ አባባን ተጣርቼ መልስ ሳጣ ከፊቱ ላይ ሲወርድም አይቼዋለሁ።

በጎናቸው ተኝተው ነበር። መነጽራቸውን አላወለቁም። ጋዜጣው ከፊታቸው ነው፤ እርሳሱ አንድ ቃል ላይ ክብ መሥራት ጀምሮ ሳይገጥም መስመሩ ወደ ታች ወርዷል። ሮጬ ሄጄ ተንበረከክሁና ላነሳቸው በብብታቸው ያዝኳቸው። አፍንጫዬን እንደ ሰናፍጭ ያለ ነገር ወጋኝ፤ ደረቴ ይነፋል ግን የሚገባ ነገር የለም። እላያቸው ላይ ወደቅሁ። ሰውየው እንዴት እንደደረሰብኝ አላውቅም። ትንፋሹን ይዞ ገብቶ በአንገት ልብሴ እየጎተተ ደረጃውን ያስወጣኝ እሱ ነው። ልመለስ ስታገለው ሁለት እጄን ያዘና «እሳት በማይኖርበት ቦታ ሰው አይኖርም፤ እህቴ፣ የሉም» አለኝ። ከዚያ በውጭ በኩል ዞሮ የመስኮቱን ጣውላ በድንጋይ ሰበረው። አባባን ያወጣናቸው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ሐኪሙ መጣ። ደረታቸውን መታ መታ አደረገና «ብርድ አልመታቸውም» አለኝ። ይህን ያለኝ ሊያጽናናኝ ነው።

ጋዝ ሻጩ ቀብር ላይ ከፊት ተሸክሟል። ፋኖሱን አሁንም አልወሰደውም፤ ደረጃው ላይ ተቀምጧል።

አሁን እኔ ልጠይቅህ። ቴሌግራምህ ጎንበስ አትበዪ ይላል። ፋኖስ ከጠፋ አትግቢ ይላል። ይህን ሁሉ በአንድ ቀን አልተማርከውም። ስለ ሻማው ሁለት ጊዜ ጠየቅንህ፤ አንዴ አያስፈልግም አልከን፣ አንዴ መልስህ ሳይደርስ ቀረ። ምን ነበር የያዘህ? እኔ ዝም ስል የሐኪሙን ቃል ከአባባ ደብቄ ነበር፣ እንዳይፈሩ ብዬ። አንተስ ማንን ከምን ደብቀህ ነው? ዝም አይነቅዝም ሲሉ እሰማ ነበር። ይነቅዛል ወንድሜ።

ወይኑን አልደፋሁትም። ሴቶቹ ድፊው፣ ግቢው ውስጥ አይደር አሉኝ። ምን በልቼ ልደፋው? በርሜሎቹን ሁሉ ወደ ግቢ አውጥቼ በሰማይ ሥር ደርድሬያቸዋለሁ፤ በብርዱ ዝም ብለዋል። እርማት ብቻ ቀድሞ ጨርሷል፤ መለኪያህ ቆሟል። ባለ ምግብ ቤቱ ቀምሶት «ይህን እንዴት አድርገሽ ነው የሠራሽው?» አለኝ። ከሠራኋቸው ሁሉ የጣፈጠው እሱ ነው። አልነገርኩትም።

ሌላ ሙያ የለኝም፤ ማሽኔም ሄዳለች። ፍሬው ሲደርስ እንደገና ልሠራ ነው። ስለዚህ አሠራሩን እንደገና ጻፍልኝ፣ ከመጀመሪያው ጀምረህ። ትደነግጣለች ብለህ የምትዘለውን ሳትዘል።

ምርቃቱን ለሌላ ጊዜ አቆይቼዋለሁ።

እህትህ

የካቲት 3

እታለም፤

መጀመሪያ ሻማ ነው።

ዕቃ ከማጠብሽ በፊት፣ ፍሬ ከመጭመቅሽ በፊት ሻማ ግዢ። ወይን ወዳለበት ክፍል ስትወርጂ ለኩሺው። ፊትሽ ላይ አትያዢው፤ ከጉልበትሽ በታች አድርገሽ ያዢው። የወይን ትንፋሽ ከአየር ይከብዳል። እንደ ውሃ ዝቅ ያለውን ቦታ ይሞላል፤ ቀለም የለውም፣ መውጫ ካጣም እየጨመረ ይተኛል። ጎንበስ ያለ ሰው ይጠጣዋል፣ ወለል ላይ የተኛ ሰው ይሰጥምበታል። ነበልባሉ ካነሰ ጨርሶ እስኪጠፋ አትጠብቂ፤ ውጪ። ቢበራ እንኳ መስኮቱና በሩ ክፍት ሆነው ካልቆዩ አትመኚው። ጠላት ያልኩሽ አየር በርሜሉ ውስጥ ነው ጠላትነቱ። ክፍል ውስጥ ወዳጅሽ እሱ ብቻ ነው። ይህን አንድ መስመር ነበር መጻፍ የነበረብኝ።

ሳቂታው ክፍሉን አልለቀቀም። ጥቅምት መጨረሻ ላይ የታንከር ወለል ሊጠርግ ወረደ። ወይኑ ከታንከሩ ከተራገፈ ጥቂት ሰዓት ቢሆነው ነው። አለቃችን ሻማው ‹ቆይ ልፈትሽ› ብሎት ነበር። ሳቂታው ‹ሚስትህን ካገኘኋት እነግርሃለሁ› ብሎት ገባ። እኔ ቱቦውን ይዤ ከላይ ነበርኩ። የመጥረጊያው ድምፅ ሲቆም ሰማሁ። ሻማው አጎንብሶ ልጁ ወድቆ አየውና ዘሎ ገባ። ሻማው፣ እታለም። ሃያ ምናምን ዓመት ያለ ሻማ ወርዶ የማያውቅ ሰው። ሻማውን አፋፉ ላይ አስቀምጦት ነው የገባው። ሁለቱም እዚያው ቀሩ። እኔ ደግሞ ልገባ ስል ሁለት ሰው ወገቤን ይዞ አስቀረኝ፤ ሻማው አፋፉ ላይ እንደበራ ነበር።

ፋብሪካው ለጥቂት ሳምንት ተዘጋ። ሥራ በዛ ያልኩሽ ያኔ ነው። አባባ ግድፈቱን አግኝተውታል።

ያልጻፍኩልሽ ብነግርሽ ና ትይኛለሽ፣ አባባ ይሰማሉ፣ ሳላቸው ይብሳል ብዬ ነው። የአንቺን ዕቃ ደግሞ ጀሪካን ብቻ አድርጌ አየሁት። ግድግዳውን ዙሪያ ስትሞዪው አልታየኝም። የፋኖሱን ነገር ያነበብኩት ምሳ ሰዓት ላይ ነው። በሥራ ልብሴ እንዳለሁ ፖስታ ቤት ሮጥኩ። ይህን የምነግርሽ እንድትምሪኝ አይደለም፤ ሳትዘል ስላልሽኝ ነው።

አሁን እዚህ ሻማውን የምይዘው እኔ ነኝ። አዳዲሶቹ ልጆች ይስቁብኛል፤ ምን ስም እንዳወጡልኝ አንቺም አይጠፋሽም። አልቆጣቸውም።

ከሻማው ቀጥሎ ያለውን ታውቂዋለሽ፤ ዕቃውን በፈላ ውሃ፣ ፍሬውን በእጅ፣ ስኳሩን አሟምቶ። ያ አልተለወጠም። የተለወጠውን አንዱን ብቻ ጨምሬ ልጨርስ። ሻማው በጠፋበት ቤት ሰው ወድቆ ብታዪ፣ የምትወጂው ሰው ቢሆንም፣ በስምሽ ቢጣራም፣ አትግቢ። መስኮት ስበሪ፣ ጩኺ፣ በገመድ ሳቢ፤ አንቺ ግን አትግቢ።

እኔም ብሆን።

ወንድምሽ